የሞተ አይፎን ባክአፕ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይከፈታል? የአሁኑስ ስልክ እንዴት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ «አይፎን 7 ነበረኝ። ባለፈው ክረምት ውሃ ገባበትና ሞተ። ደግነቱ ከዚያ በፊት ላፕቶፔ ላይ በአይቱንስ ባክአፕ አድርጌው ነበር። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። ፎልደሩን ፈልጌ አገኘሁት፤ ስከፍተው ግን ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ስም ያላቸው መዓት ፋይሎች ናቸው። አንዱም አይከፈትም። ያረፈችው እናቴ ፎቶዎች፣ የላከችልኝ ቴክስትና የዋትሳፕ ድምፆች እዚያ ውስጥ ናቸው። ማውጣት ይቻላል? አሁን የያዝኩት ሳምሰንግ ነው። እሱንስ ፓኬጄን ሳልጨርስ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ላስቀምጠው? ጓደኛዬ ኤዲቢ ባክአፕ የሚባል ነገር አለ ብሎኛል። ከባሕር ዳር።»

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። አዎ፣ ይቻላል። ባክአፑ እስከ መጨረሻው ከተጠናቀቀና ፓስወርድ ካልተደረገበት፣ ከምትፈልጊው አብዛኛው እዚያው አለ። ፓስወርድ ኖሮበት አንቺ ካስታወስሽው ደግሞ እንዲያውም የበለጠ ነገር ይዟል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትጨርሺ አድርጊው። ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጊና ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ በኋላ የምትነካኪው ኮፒውን ብቻ ነው። ዋናውን አትንኪው። ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ኮምፒዩተር ቤት ይወሰዳል፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ሲ ድራይቭ ይጠረጋል። ባክአፑ የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ሲ ላይ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ዶክመንትሽንና ፎቶሽን የሚያወጣልሽ ልጅ እሱን አያስታውሰውም። አይቱንስን ከኮምፒዩተርሽ ማጥፋት ባክአፑን አያጠፋውም፤ ፎርማት ግን ያጠፋዋል።

ኮፒ ስታደርጊ ፍላሽ ከተጠቀምሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሮጌ የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ቪዲዮ ካለ እዚያ ላይ ይቆምብሻል። በኤክስፋት ፎርማት ካደረግሽው ችግሩ የለም። በእርግጥ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን ነገር አውጪ።

ትክክለኛውን ፎልደር ማግኘትሽን እናረጋግጥ። አይቱንስን ከአፕል ድረ ገጽ ካወረድሽው፣ ባክአፑ ዩዘርስ ውስጥ፣ በስምሽ ያለው ፎልደር ውስጥ፣ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ አፕል ኮምፒዩተር፣ ሞባይልሲንክ፣ ከዚያ ባክአፕ የሚለው ውስጥ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር ካወረድሽው ደግሞ መንገዱ አጭር ነው፤ በስምሽ ያለው ፎልደር ውስጥ አፕል፣ ሞባይልሲንክ፣ ባክአፕ። አፕዳታ የተደበቀ ስለሆነ ቪው ላይ ገብተሽ የተደበቁ ነገሮችን አሳይ በይው። ባክአፕ ውስጥ ስሙ 40 ፊደልና ቁጥር የሆነ አንድ ፎልደር ታያለሽ። ያ ስም የስልክሽ መለያ ነው። ሁለት አይፎን ባክአፕ አድርገሽ ከነበረ ሁለት ፎልደር ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም።

እዚያ ፎልደር ውስጥ ከመዓቱ መሀል ስማቸው የሚነበብ አራት ፋይሎች አሉ። ኢንፎ፣ ስታተስ፣ እና ማኒፌስት የሚባሉ ሁለት። ኢንፎን በኖትፓድ ክፈቺው። የስልኩ ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የመጨረሻው ባክአፕ ቀን፣ ሁሉም በግልጽ ተጽፏል። ፓስወርድ ቢኖርበት እንኳ ይህች ፋይል አትቆለፍም። የስልኩ ዓይነት ላይ «አይፎን 9,1» ወይም «9,3» የሚል ታያለሽ። አትደንግጪ፤ አፕል አይፎን 7ን በውስጥ የሚጠራው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ስታተስን ክፈቺ። ብዙው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ከምልክቱ መሀል ግን በእንግሊዝኛ «ፊኒሽድ» የሚል ቃል ፈልጊ። ካለ ባክአፑ ተጠናቋል። ከሌለ፣ ምናልባት መብራት ጠፍቶ ወይም ኬብሉ ተነቅሎ መሀል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ፤ የተቀዳው ያህል አለ። በኖትፓድ የከፈትሽውን ነገር ስትዘጊ ግን ሴቭ አድርጌ ልዝጋ ካለሽ «አይ» በይ። ሴቭ ካደረግሽው ፋይሉ ይበላሻል።

አሁን ለምን እንደማይከፈት ልንገርሽ። ምክንያቱን ካወቅሽ መፍትሔው አያስፈራሽም። ቤት ስትቀይሪ ዕቃውን ሁሉ በካርቶን ከትተሽ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጥር ብቻ ጽፈሽ፣ የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ በአንድ ደብተር እንደመመዝገብ ነው። አይቱንስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ደብተሩ ማኒፌስት የሚባለው ፋይል ነው፤ ዳታቤዝ የሆነው ማለቴ ነው። የአይፎን መሠረታዊ ሶፍትዌር ከሆነው አይኦኤስ 10 ማለትም ከ2016 ጀምሮ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፋይሎቹ በ256 ንዑስ ፎልደሮች ይከፋፈላሉ። የፎልደሩ ስም የፋይሉ ስም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሆሄያት ናቸው። ፎቶሽ ስሙና ማለቂያው ተወስዶበት 40 ሆሄ ያለው ስም ተሰጠው እንጂ፣ ውስጡ ምንም አልተነካም። ያው ፎቶ ነው።

ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ከኮፒው ውስጥ መጠኑ ሁለት ወይም ሦስት ሜጋባይት የሆነ ፋይል ፈልጊና በኖትፓድ ክፈቺው። መጀመሪያው አካባቢ «ኤግዚፍ» የሚል ካየሽ የጄፔግ ፎቶ ነው። «ሂክ» የሚል ካየሽ አይፎን ከ2017 ጀምሮ የሚያነሳበት አዲሱ የፎቶ ዓይነት ነው። «ኤስኪውላይት ፎርማት 3» ካለ ደግሞ ዳታቤዝ ነው፤ መልእክቶችና ኮንታክቶች የሚቀመጡት እንዲህ ባለው ውስጥ ነው። «ኤግዚፍ» ያለውን ፋይል ስም ቀይሪና ጫፉ ላይ ነጥብ ጄፒጂ በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሪበት። ሁለቴ ስትጫኚው ፎቶው ይከፈታል። ይህን አንድ ጊዜ ስታዪ ልብሽ ይረጋል።

ቁልፍ ያለው ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። አይቱንስን ክፈቺና ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ዲቫይስስ ላይ ግቢ። ከባክአፑ ስም ጎን የቁልፍ ምልክት ካለ ተመስጥሯል። ያኔ እያንዳንዱ ፋይል ለየብቻው ተቆልፏል፤ ማኒፌስት ዳታቤዙም ጭምር። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። ዳታቤዝ መክፈቻ ፕሮግራም አውርዶ ማኒፌስትን ሲከፍት ፓስወርድ ይጠየቃል። የአይቱንሱን ፓስወርድ ያስገባል፤ አይቀበልም። «ፓስወርዱ ልክ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ይተወዋል። ያ ፕሮግራም የሚጠይቀው ግን የሌላ ዓይነት መቆለፊያ ፓስወርድ ነው፤ ትክክለኛውንም ብታስገቢ አይከፍተውም። የአይፎን ባክአፕን ፓስወርድ የሚገባው ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ፓስወርዱ ከጠፋሽ ቁጭ ብለሽ አስቢ። የአፕል አይዲ ፓስወርድ አይደለም፤ የስልኩ መክፈቻም አይደለም። ሰው ግን አዲስ ፓስወርድ ማሰብ ሲሰለቸው ከእነዚያ አንዱን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የዚያን ጊዜ መክፈቻ ኮድሽን፣ የድሮ ኢሜይልሽን ፓስወርድ፣ የላፕቶፑን ፓስወርድ ሞክሪ። ስልኩን ያገለገለ ገዝተሽው ከነበረ የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ሊሆን ይችላል፤ ቅንብሩ የሚኖረው ስልኩ ላይ ስለሆነ፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠረግ ከተሸጠ ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። ሁሉም ካልሆነ «በአንድ ቀን እሰብረዋለሁ» የሚልሽን ሰው አትመኚ። ከአይኦኤስ 10.2 ወዲህ አፕል ፓስወርድ መሞከርን ሆን ብሎ እጅግ አዘግይቶታል። በእያንዳንዱ ሙከራ ኮምፒዩተሩ 10 ሚሊዮን ዙር ስሌት መሥራት አለበት። ፓስወርዱ አራት ቁጥር ከሆነ ተስፋ አለው፤ ረጅም ከሆነ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ።

ቁልፍ ከሌለው፣ ወይም ፓስወርዱን ካገኘሽው፣ ቀላሉ መንገድ ባክአፕ አንባቢ ፕሮግራም ነው። አይሜዚንግ እና አይባክአፕ ቪውወር በዚህ የታወቁ ናቸው። ፎልደሩን ታሳዪዋቸዋለሽ፤ ፎቶውን በፎቶ ቦታ፣ ቴክስቱን በቴክስት ቦታ አድርገው ያቀርቡልሻል። ያለክፍያ የሚሰጡት ግን ገደብ አለው። ለማየት ነፃ ሆኖ፣ ወደ ኮምፒዩተር ለማውጣት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ከመክፈልሽ በፊት የምትፈልጊው ነገር መታየቱን አረጋግጪ። የሚከፈልበትን ፕሮግራም «ክራክ» አድርገው በቴሌግራም ቻናል ከሚለጥፉት እንዳታወርጂ አደራ። እንዲህ ባለ ፋይል ቫይረስ መግባቱ የተለመደ ነው፤ አንቺ ደግሞ የሕይወትሽን መዝገብ ነው የምትከፍቺበት።

ገንዘብ ሳትከፍዪ በእጅሽ ማውጣትም ይቻላል። ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጂ። ማኒፌስት ዳታቤዙን ክፈቺና «ፋይልስ» የሚለውን ሰንጠረዥ እዪ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ፋይል ነው። አንዱ ዓምድ 40 ሆሄውን ስም፣ ሌላው የፋይሉን እውነተኛ አድራሻ ይዟል። አድራሻው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲሲአይኤም ብለሽ ፈልጊ። ካሜራው ያነሳቸው ፎቶና ቪዲዮዎች በሙሉ ይወጣሉ። የአንዱን 40 ሆሄ ስም ወስደሽ ፋይሉን ታገኚዋለሽ፤ ከአድራሻው ጫፍ ያለውን ስም ከነማለቂያው ትሰጪዋለሽ። ለተመረጡ ጥቂት ፎቶዎች ይህ ይበቃል። ለሺህ ፎቶ ግን ጣትሽ ይዝላል። ዘመድ ውስጥ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ካለ ሰንጠረዡን አሳዪው። ሰንጠረዡን አንብቦ ፋይሎቹን በትክክለኛ ስማቸው የሚቀዳ ፕሮግራም አጭር ሥራ ነው።

ለቴክስቱ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። እነዚያ 40 ሆሄ ስሞች በዘፈቀደ የተሰጡ አይደሉም። ከፋይሉ አድራሻ በስሌት የሚወጡ ናቸው፤ አድራሻው አንድ ዓይነት ከሆነ ስሙም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የቴክስት ዳታቤዙ በየትኛውም አይፎን ባክአፕ ውስጥ ስሙ ያው ነው። 3ዲ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቢና በ3፣ ዲ፣ 0፣ ዲ፣ 7፣ ኢ የሚጀምረውን ፈልጊ። ኮንታክት 31 ውስጥ ነው፤ በ3፣ 1፣ ቢ፣ ቢ፣ 7 ይጀምራል። የዋትሳፕ ንግግር 7ሲ ውስጥ ነው፤ በ7፣ ሲ፣ 7፣ ኤፍ፣ ቢ ይጀምራል። በዚያው ዲቢ ብራውዘር ይከፈታሉ።

የቴክስቱን ስትከፍቺ «ሜሴጅ» የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ጽሑፉን ታያለሽ። አማርኛው ሳይበላሽ በፊደሉ ይነበባል። የእናትሽን ብቻ ለመለየት «ሃንድል» የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሯን በ251 ጀምረሽ ፈልጊና ከጎኑ ያለውን ተራ ቁጥር ያዢ፤ ያንን ቁጥር «ሜሴጅ» ላይ ስትፈልጊ የእሷ መልእክቶች ይለያሉ። የመልእክቱ ቀን ግን ግራ ያጋባሻል፤ 18 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። አፕል ጊዜ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ ነው። ከአይኦኤስ 11 ወዲህ ደግሞ በናኖ ሰከንድ ነው። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ቆርጠሽ ጣዪ፤ የቀረው ሰከንድ ነው። ለምሳሌ 600 ሚሊዮን ካገኘሽ ጃንዋሪ 6 ቀን 2020 ነው፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7 ከ40፣ የገና ዋዜማ። እንዲህ እያደረግሽ እናትሽ የትኛውን መልእክት መቼ እንደላከችልሽ መልሰሽ ማወቅ ትችያለሽ።

የዋትሳፕ ድምፆቹን ማኒፌስት ላይ ዋትሳፕ እና ሚዲያ የሚሉትን ፈልገሽ ታገኚያቸዋለሽ። ማለቂያቸው ኦፐስ ነው። ቪኤልሲ በተባለው ነፃ ማጫወቻ ይከፈታሉ። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማወጣው እነሱን ነው። ፎቶ ከሌላ ዘመድ ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ለአንቺ የተላከ ድምፅ ግን ሌላ ሰው ጋር አይኖርም። ሂክ የሆኑት ፎቶዎች ዊንዶውስ ላይ እምቢ ካሉሽ አይሜዚንግ ሂክ ኮንቨርተር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ጄፔግ ይቀይርልሻል።

ፎቶዎቹ ማኒፌስት ላይ ጭራሽ ከሌሉስ? ስልኩ ላይ የአይክላውድ ፎቶ በርቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። እሱ ከበራ አይቱንስ ፎቶውን ወደ ባክአፑ አይጨምረውም፤ ክላውድ ላይ አለ ብሎ ያልፈዋል። ያኔ በአፕል አይዲሽ በብራውዘር አይክላውድ ውስጥ ገብተሽ እዪ። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ በመሀል ሞልቶ ቆሞ ይሆናል፤ ቢሆንም እዪው። የሞተውን ስልክም አትጣዪው። ከባክአፑ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቦርድ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ አንዳንዴ ዳታ እስኪወጣ ድረስ ያነሳዋል። ቻርጅ ላይ እየሰካሽ ግን አትሞክሪው።

ሌላም መንገድ አለ። ሌላ አይፎን ተውሰሽ ባክአፑን እሱ ላይ ሪስቶር ማድረግ፣ ማለትም መልሶ መጫን። ሁሉም ነገር እንደነበረው ይመጣል። ግን የተዋስሽው ስልክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ባለቤቱ መጀመሪያ የራሱን ባክአፕ ማድረግና ከአፕል አይዲው መውጣት አለበት። የስልኩ አይኦኤስ ደግሞ ባክአፑ ከተሠራበት ማነስ የለበትም። ዋትሳፑን ከነንግግሩ ወደ ሳምሰንግሽ ለማሻገርም ይህ ይጠቅምሻል፤ ከ2021 ጀምሮ ከአይፎን ወደ ሳምሰንግ በኬብል ማሻገር ይቻላል፤ ያው ስልክ ቁጥር እስካለሽ ድረስ።

ወደ አሁኑ ስልክሽ ልምጣ። ጓደኛሽ ያለሽን ኤዲቢ ባክአፕ፣ ማለትም አንድሮይድ ስልክን ከኮምፒዩተር በትዕዛዝ ባክአፕ ማድረጊያውን፣ ተዪው። አንድሮይድ 4 ላይ በ2011 የመጣ ነገር ነው፤ በጊዜው ጥሩ ነበር። ነጥብ ኤቢ የሚል አንድ ፋይል ይሠራል። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ግን የአዳዲስ አፖችን ዳታ አያወጣም። ፋይሉ ይፈጠራል፤ አልተሳካም የሚል ነገር አይመጣም፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሰው «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ስልኩን ፎርማት የሚያደርገው እንዲህ ባለ ፋይል ተማምኖ ነው። ድሮ የሠራሽው ኤቢ ፋይል ካለ ግን በኖትፓድ እዪው። የመጀመሪያው መስመር «አንድሮይድ ባክአፕ» ይላል፤ አራተኛው መስመር «ነን» ካለ አልተቆለፈም። አንድሮይድ ባክአፕ ኤክስትራክተር የሚባለው የጃቫ ፕሮግራም ታር ወደሚባል የታሸገ ፋይል ይቀይረዋል፤ ታሩን ሰቨን ዚፕ ይከፍተዋል።

ለሳምሰንግሽ የምመክርሽ ኮምፒዩተሩ ያለ ምንም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችለውን ነገር ሁሉ እንደዚያው አድርገሽ እንድታስቀምጪው ነው። ፎቶ እንደ ፎቶ፣ ድምፅ እንደ ድምፅ። ኬብል ሰክተሽ ስልኩን ክፈቺና ፋይል ትራንስፈር የሚለውን ምረጪ። ዲሲአይኤም፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድ፣ ዶክመንትስ፣ ሪኮርዲንግስ የሚሉትን ኮፒ አድርጊ። ዋትሳፕ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የሚገኘው አንድሮይድ፣ ሚዲያ፣ ከዚያ ኮም ነጥብ ዋትሳፕ የሚለው ውስጥ ነው፤ እሱንም እንዳለ ውሰጂው። በኬብል ብዙ ሺህ ፋይል በአንድ ጊዜ ስትወስጂ መሀል ላይ ሊደርቅ ይችላል። በወር በወር ከፋፍለሽ ውሰጂ። ሲያልቅ የስልኩንና የኮምፒዩተሩን የፋይል ብዛት አወዳድሪ። ይህ ሁሉ አንድ ሜጋባይት ኢንተርኔት አይበላም።

ኮንታክቱን ከስልኩ ኮንታክት አፕ ኤክስፖርት በይው፤ ነጥብ ቪሲኤፍ የሆነ ፋይል ይሰጥሻል። ኖትፓድ ላይ ስትከፍቺው በአማርኛ የተመዘገቡት ስሞች የእኩል ይሆናል ምልክት የበዛበት ዝብርቅርቅ ሆነው ልታዪ ትችያለሽ። አልተበላሹም። አሮጌው የቪካርድ፣ ማለትም የቪሲኤፍ ፋይል አጻጻፍ፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ከፍሎ ይጽፈዋል። አንዷ «አ» ብቻ የእኩል ይሆናል ምልክት ኢ1፣ ምልክቱ ተደግሞ 8ኤ፣ አሁንም ተደግሞ ኤ0 ሆና ትጻፋለች። ስልክ ላይ መልሰሽ ስታስገቢው አማርኛው ይመለሳል። «ተበላሽቷል» ብለሽ በእጅሽ ለማስተካከል እንዳትሞክሪ።

ቴክስት ለማስቀመጥ ኤስኤምኤስ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር የሚባለው አፕ አለ። በኤክስኤምኤል ያወጣዋል፤ ጽሑፍ ስለሆነ ያለምንም ችግር ይነበባል። የሳምሰንግ ስማርት ስዊችም ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፤ ኮንታክት፣ ቴክስት፣ የጥሪ መዝገብ፣ ሴቲንጉ ሳይቀር ይወስዳል። አዲስ ሳምሰንግ ስትገዢ ምቹ ነው። ነገር ግን በራሱ ቋንቋ ስለሚያስቀምጠው ሌላ ስልክ ብትገዢ አይጠቅምሽም። አድርጊው፣ ብቻውን ግን አትተማመኚበት።

ዋትሳፕ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ኮፒ ባደረግሽው ፎልደር ውስጥ ዳታቤዝስ የሚል አለ። የንግግሩ ፋይል እዚያ ነው፤ ግን የተቆለፈ ነው፤ ማለቂያው ክሪፕት14 ወይም ክሪፕት15 ይላል። ለመክፈት ዋትሳፕ በዚያው ቁጥር መግባት አለበት፤ ማረጋገጫውም ወደዚያ ቁጥር ነው የሚላከው። ከሳውዲ ወይም ከቤሩት የተመለሱ እህቶቻችን የዚያን አገር ሲም ጥለው መጥተው የዓመታት ንግግራቸውን የሚያጡት ለዚህ ነው። መፍትሔው ቁጥሩ ሳይዘጋ በፊት ነው። ዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ቻት ባክአፕ ላይ ገብተሽ ኤንድ ቱ ኤንድ ምስጠራውን አብሪ፤ ከፓስወርድ ይልቅ 64 አሃዝ ያለውን ቁልፍ ምረጪ። ያንን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፊና አስቀምጪ። ቁልፉ ካለሽ የክሪፕት15 ፋይሉን ኮምፒዩተር ላይ መፍታት ይቻላል፤ ቁልፉ ከጠፋ ግን ዋትሳፕ ራሱ አይከፍትልሽም። ለጥቂት ውድ ሰዎች ደግሞ ንግግሩን ከፍተሽ ኤክስፖርት ቻት በይው። ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል፤ ልጅሽም ያነበዋል።

ቴሌግራም በባክአፕ አያስጨንቅሽ፤ ተራው ንግግር ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ ከፈለግሽ በቴሌግራም ዴስክቶፕ ሴቲንግ፣ አድቫንስድ፣ ኤክስፖርት ዳታ በይ። ያወርዳልና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድርጊው። ሲክሬት ቻት ግን አይወጣም። ቴሌብርና የባንክ አፖች ገንዘብሽን ስልኩ ውስጥ አያስቀምጡም፤ አዲስ ስልክ ላይ እንደገና ገብተሽ ነው የምትቀጥዪው።

ይህን ሁሉ ስታስቀምጪ ሁለት ቅጂ ይኑርሽ፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ላይ። ፍላሽ ለማጓጓዣ ነው እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ሃርድ ዲስኩ ከሰው እጅ ይገባል ብለሽ ከሰጋሽ በሰቨን ዚፕ በፓስወርድ እሰሪው፤ ኤኢኤስ 256 የሚባለውን ጠንካራ መቆለፊያ ነው የሚጠቀመው። የተቆለፈ ባክአፕ ካለሽ ፓስወርዱን ለምታምኚው አንድ ሰው ንገሪ። ከዚያ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፈቺው፤ አንድ ፎቶ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ኮንታክት። ካልተከፈተልሽ ስልኩ በእጅሽ እያለ ማወቅሽ ነው የሚሻለው።

አሁን ኮፒውን አድርጊና አይቱንስ ውስጥ የቁልፍ ምልክቱን እዪልኝ። ካለና ፓስወርዱን ካጣሽው፣ ወይም ስታተስ ላይ «ፊኒሽድ» የሚለውን ካላገኘሽ፣ ኢንፎ ላይ ያለውን የባክአፕ ቀንና የአይኦኤሱን ቁጥር ጻፊልኝ። ስልክ ቁጥሩንና መለያውን ግን አትላኪ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መንገድ እንደ አይኦኤሱ ስለሚለያይ እሱን ሳላይ አልነግርሽም።